ያለፈው ጀናዛ የማን ነበር?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጋዛ፣ በጥቅሉም በእስራኤልና በፍልስጤም መካከል ስላለው ጦርነት ነው። ፖለቲካውን ሌት ተቀን ስትሰሙት ኖራችኋል። እኔ የማነሳላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ሙስሊም የሰው መገደል ሲሰማ መጀመሪያ ወደ ልቡ የሚመጣው ምንድን ነው? «የማን ወገን ነው?» የሚለው ነው ወይስ «ነፍስ ጠፋች» የሚለው?

የቃዲሲያው ጀናዛ

ሰህል ኢብኑ ሁነይፍና ቀይስ ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) የተባሉ ሁለት ሶሐቦች ኢራቅ ውስጥ ቃዲሲያ በተባለ ቦታ ተቀምጠው ሳለ ጀናዛ አለፈ። ሁለቱም ብድግ ብለው ቆሙ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ሟቹ ሙስሊም አለመሆኑን ነገሯቸው። ሶሐቦቹም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን የሆነውን ተረኩላቸው። በነቢዩ ፊት ጀናዛ ሲያልፍ ተነስተው ቆሙ፤ የአይሁዳዊ ጀናዛ ነው ሲባሉ እሱም ነፍስ መሆኑን ለተናገሯቸው ሰዎች አስታወሱ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ጀናዛ ሲያልፍ ስለ መቆም የፊቅህ ሊቃውንት ተለያይተዋል፤ ሕጉ ኋላ ተሽሯል ያሉም አሉ። ነቢዩ የሰጡት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። የቆሙት ለነፍስ ነው።

ይህ የሆነበትን ዘመን ልብ በሉ። መዲና ውስጥ ሙስሊሞችና የአይሁድ ጎሳዎች ውል ነበራቸው፤ ውል የፈረሰበትና ሰይፍ የተመዘዘበት ጊዜም ነበር። ነቢዩ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ይሁንና ጀናዛው ፊታቸው ሲደርስ የጎሳውን ሒሳብ በሟቹ ላይ አላወራረዱም።

በቁጥሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች

ጋዛ 365 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ጠባብ ምድር ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከነዋሪዎቿ አብዛኞቹ በ1948 ከቀያቸው የተፈናቀሉ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። በዚያ ጦርነት ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ቤታቸውን አጥተዋል፤ እነሱ «ነክባ» ይሉታል፤ ታላቅ መከራ ማለት ነው። በ1967 ዌስት ባንክ፣ ምሥራቅ ቁድስና ጋዛ በእስራኤል ጦር ቁጥጥር ሥር ገቡ። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ጋዛ መግቢያ መውጫዋ ተዘግቶባት ኖራለች።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ሐማስና ሌሎች ታጣቂዎች አጥሩን ጥሰው ገቡ። በእስራኤል ወደ 1,200 ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ። 251 ሰዎች ታግተው ወደ ጋዛ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ እስራኤል በጋዛ ላይ ጦርነት ከፈተች። በኦክቶበር 2025 ተኩስ አቁም እስኪደረግ ድረስ፣ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር እንደመዘገበው፣ ከ67,000 በላይ ፍልስጤማውያን ተገድለዋል። ሚኒስቴሩ ተዋጊውን ከሰላማዊው ለይቶ አይቆጥርም፤ ነገር ግን ከ18,000 የሚበልጡት ልጆች መሆናቸውን መዝግቧል። በኦገስት 2025 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚደገፈው የምግብ ዋስትና ምዘና በጋዛ ከተማና በዙሪያዋ ጠኔ መግባቱን አረጋገጠ።

ቁጥር ሲበዛ ልብ ይደነዝዛል። ስለዚህ የሁለት ሰዎችን ታሪክ ብቻ እንይ።

ጃንዋሪ 29 ቀን 2024 ሂንድ ረጀብ የተባለች የ5 ዓመት ልጅ በጋዛ ከተማ ከዘመዶቿ ጋር በመኪና እየሸሸች ነበር። መኪናዋ ተተኮሰባት። ዘመዶቿ አጠገቧ ሞቱ። ልጅቷ በስልክ ከፍልስጤም ቀይ ጨረቃ ሠራተኞች ጋር እየተነጋገረች መጥተው እንዲወስዷት ለሰዓታት ለመነች። ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ተላኩላት። ከ12 ቀናት በኋላ ሂንድም፣ ዘመዶቿም፣ ሊያድኗት የሄዱት ሁለቱ ሰዎችም ሞተው ተገኙ።

ቪቪያን ሲልቨር ካናዳ የተወለዱ የ74 ዓመት እስራኤላዊት ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ስለ ሰላም ሲሠሩ የኖሩ፣ ለሕክምና የሚወጡ የጋዛ ሕሙማንን በመኪናቸው ወደ ሆስፒታል የሚያደርሱ ሴት ናቸው። ኦክቶበር 7 ቀን በብኤሪ መንደር በቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። ለሳምንታት ታግተዋል ተብሎ ሲጠበቅ ቆይቶ መሞታቸው የተረጋገጠው በኖቬምበር ነው።

የመጀመሪያውን ስታነቡ ያዘናችሁትን ያህል ሁለተኛውን ስታነቡ አዘናችሁ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የምትሰጡት ለእኔ አይደለም። ከራሳችሁና ከጌታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ነገሩ ከእኛም ደጅ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የሄደ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት በ2014 አጥር ተሻግሮ ጋዛ ገባ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ተይዞ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 ተለቀቀ። እናቱ ያን ሁሉ ዓመት ልጇን ስትጣራ የኖረችው በአማርኛ ነው። በዚያው ቀን ከተለቀቁት አንዱ ደግሞ እንደሱ የታመመ፣ በ2015 ጋዛ የገባ ሙስሊም በደዊ ነበር። የእናት እንባ በየትኛው ወገን ይመደባል?

የተበደለ መብት አለው፤ ገደብም አለበት

አላህ በሱረቱል ኢስራእ 33ኛው አንቀጽ ያለ አግባብ የተገደለ ሰው ወራሽ መብት እንዳለው ይነግረናል፤ ወዲያው ደግሞ በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ያዘዋል። ሁለቱ አብረው ነው የመጡት። መብቱን ብቻ የያዘ ሰው የአንቀጹን ግማሽ ነው የያዘው። ገደቡን ብቻ እያነሳ የተበደለውን «ዝም በል» የሚል ሰውም እንደዚያው።

በሱረቱል አንዓም 164ኛው አንቀጽ ደግሞ ማንም ነፍስ የሌላዋን ወንጀል እንደማትሸከም ተደንግጓል። ይህ ለሁሉም ይሠራል። ሐማስ ላደረገው የጋዛ ሕፃን አይጠየቅበትም። የእስራኤል መንግሥት ለሚያደርገው የብኤሪ ነዋሪ አይታረድበትም፤ ሌላ አገር ያለ አይሁዳዊም በምኩራቡ አይጠቃበትም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ዘመቻ ሴት ተገድላ ሲገኝ ተቃውመው ሴቶችንና ልጆችን መግደልን ከልክለዋል። አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ጦር ሲልኩ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዋል። ሻም ማለት ፍልስጤምን የሚጨምረው ምድር ነው። ስለዚህ በዚያ ምድር ላይ በእስልምና ስም የሚዋጋ ሰው ይህን ትእዛዝ አልሰማሁም ሊል አይችልም።

«ሁለቱን እኩል እያደረግህ ነው?»

አንዳንዶቻችሁ እንዲህ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፦ አይደለም። ነፍሶች በክብር እኩል ናቸው ማለት ኃይላቸው እኩል ነው፣ በደላቸው እኩል ነው፣ የሟቹም ብዛት እኩል ነው ማለት አይደለም። የጦር አውሮፕላን ያለውና ድንኳን ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም። መሬቱ የተወሰደበትና የወሰደው አንድ አይደሉም። ይህን መናገር የፍትሕ ክፍል ነው፤ ሙስሊምም ዙልምን አይቶ ዝም አይልም።

ግን አላህ በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ያስጠነቀቀን በትክክል እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን። ማስጠንቀቂያው የመጣው ጥላቻ ለሌለበት ሰው አይደለም። ልቡ ለቆሰለና ለመቆጣት ምክንያት ላለው ሰው ነው የመጣው። ፍትሕ የሚፈተነው የምንወደው ሰው ሲገደል ብቻ አይደለም፤ የማንወደው ሲገደልም ነው።

ይህ የሚቻል ነው?

ባሳም አራሚን የተባሉ ፍልስጤማዊ ሙስሊም በ17 ዓመታቸው ታስረው 7 ዓመት በእስራኤል እስር ቤት አሳልፈዋል። በ2007 የ10 ዓመት ልጃቸው ዓቢር ዓናታ ውስጥ ከትምህርት ቤቷ አጠገብ የእስራኤል ድንበር ፖሊስ በተኮሰው የጎማ ጥይት ተመትታ ሞተች። ራሚ ኤልሃናን የተባሉ እስራኤላዊ ደግሞ የ13 ዓመት ልጃቸውን ስማዳርን በ1997 በኢየሩሳሌም በአጥፍቶ ጠፊዎች ፍንዳታ አጥተዋል። እነዚህ ሁለት አባቶች ወንድማማች ሆኑ፤ ልጆቻቸውን በዚህ ግጭት ያጡ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች በሚሰበሰቡበት ማኅበር ውስጥም ሠርተዋል፤ አብረው እየዞሩም ያስተምራሉ።

ባሳም ይህን ሲያደርጉ የልጃቸውን መብት አልተዉም። ለዓቢር ሞት በወንጀል የተቀጣ ባይኖርም፣ አባቷ በፍትሐ ብሔር ክስ ተሟግተው በ2010 የኢየሩሳሌም ፍርድ ቤት መንግሥት ተጠያቂ መሆኑን ወስኗል። ሶብር ማለት መብትን መጣል አይደለም። ሀዘንህ በደለኛ እንዳያደርግህ ነፍስህን መያዝ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ2024 በጋዛ ከ25 ዓመት በኋላ ፖሊዮ ታየ፤ የ10 ወር ሕፃን ታመመ። በሴፕቴምበር ክትባት በሚሰጥባቸው አካባቢዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ተኩስ እንዲቆም ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ከ550,000 በላይ ልጆች ተከተቡ። እንግዲህ መሣሪያን ለልጆች ሲባል ማቆም ይቻል ነበር ማለት ነው።

አላህ በሱረቱል ማኢዳ 32ኛው አንቀጽ አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደልን ሰዎችን ሁሉ እንደመግደል፣ አንዲትን ማዳንን ደግሞ ሁሉንም እንደማዳን ቆጥሮታል። አንቀጹ ይህ ሕግ በበኒ ኢስራኢል ላይ እንደተደነገገም ይናገራል። ስለዚህ ሕጉ ለእነሱም ለእኛም የደረሰ ነው፤ ማናችንም አላወቅንም ብለን አናመልጥበትም።

ከእኛ እጅ ያለው

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እኔና አንቺ፣ እኔና አንተ ጦርነቱን አናቆመውም። ነገር ግን ስልካችን በእጃችን ነው፤ ምላሳችንም የእኛው ነው። እነዚህን አራት ነገሮች ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሳታጣሩ አታጋሩ። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የመጣን ወሬ አጣርተን እንድንይዝ ያዘናል። በዚህ ጦርነት መጀመሪያ ላይ ከሶሪያ የተወሰዱ የቆዩ ምስሎች «ጋዛ» ተብለው ዞረዋል። አንድ የሐሰት ምስል ሲጋለጥ መቶ እውነተኛ ምስሎች ይጠረጠራሉ። በውሸት የተረዳ ተበዳይ የለም።

ሁለተኛ፣ የሟቾችን አስከሬን ለ«ላይክ» አትበትኑ። ጀናዛ ክብር አለው። የእናንተ ልጅ ቢሆን በዚያ ሁኔታ እንዲታይ ትፈቅዳላችሁ?

ሦስተኛ፣ ሕዝብን በጅምላ አትራገሙ። በዳዩን በበደሉ ጥሩት። ከጎረቤታችሁ ጋር በሃይማኖቱ ምክንያት በዚህ ጉዳይ ብትጣሉ ለጋዛ ሕፃን የሚደርሰው አንዲት ቁራሽ ዳቦ የለም።

አራተኛ፣ ሶደቃ ስትሰጡ ተቀባዩን እወቁ። የምታውቁት፣ በግልጽ የሚሠራ፣ ሒሳቡን የሚያሳይ ተቋም ይሁን። አማና ነው።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ዱዓእ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት ትፈለጋለች። በዚያች ሰዓት እንዲህ እንበል፦

ያ አላህ! በጋዛ፣ በዌስት ባንክና በቁድስ ያሉ ተበዳዮችን እርዳ። የተራበውን አብላ፤ የቆሰለውን ፈውስ፤ ወላጅ አልባውን አንተ ተረከብ። በዚያ ምድር ያለ አግባብ ደሙ የፈሰሰውን ሁሉ ጉዳይ አንተ ፍረድ፤ ከዳኞች ሁሉ በላይ ፍትሐዊ አንተ ነህ። የበዳይን እጅ ያዝ፣ ማንም ይሁን ማን። ሀዘናችንን ወደ በደል አትለውጥብን። ጀናዛ ሲያልፍ ነፍስ መሆኗን የሚያይ ልብ ስጠን። አሚን።

ጁሙዐ ሙባረክ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።