የ3 ሣንቲ ሜትር ሂሳብ፦ በትንሽ የስፖርት መኪና ውስጥ ሰውን ማስቀመጥ

የስፖርት መኪና ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ፍጥነቱ ነው። ይሁን እንጂ ገዢ ሞተሩን ከመሞከሩ በፊት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱ ከመሪው ከተጋጨ ወይም ራሱ ጣሪያውን ከነካ ገበያው እዚያው ያበቃል። በመሆኑም የመኪናው ውስጣዊ ክፍል ንድፍ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሽያጭም የሕይወትም ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ የምትሆነው የጃፓኑ ማዝዳ ኩባንያ ኤምኤክስ-5 የተባለችው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ስትቀርብ ርዝመቷ 4 ሜትር፣ ክብደቷም 1 ቶን አይሞላም ነበር። መሐንዲሶቹ መመሪያ ያደረጉት ፈረስና ጋላቢ አንድ አካል ይሁኑ የሚለውን የጃፓኖች አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 1 ሚሊዮንኛዋ ኤምኤክስ-5 ከፋብሪካ ወጥታለች።

መካከለኛ ሰው የለም

ንድፉ የሚጀምረው ከአሽከርካሪው ዳሌ ነው። ዳሌው የሚያርፍበት ነጥብ ከተወሰነ በኋላ የመሪው፣ የፔዳሎቹ፣ የማርሹ፣ የስፖኪዮዎቹና የጣሪያው ቦታ ከዚያ እየተለካ ይቀመጣል። ችግሩ የማን ዳሌ ነው የሚለው ነው። በቁመቱም፣ በእጁም፣ በእግሩም ርዝመት መካከለኛ የሆነ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለሆነም ነዳፊዎች በልማድ የሚይዙት ሁለቱን ጫፎች ነው፤ ይኸውም በቁመት ከ100 ሴቶች ከአጭሮቹ ወገን 5ኛዋን፣ ከ100 ወንዶች ደግሞ 95ኛውን። ሁለቱም ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጡ ጉልበታቸው በመጠኑ መታጠፍ አለበት፣ ጀርባቸውም ከወንበሩ መደገፊያ መላቀቅ የለበትም።

በሰፊ መኪና ይህን ማሟላት ቀላል ነው። በትንሽ የስፖርት መኪና ግን ወንበሩ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለ፣ መፍትሔው መሪውን ማንቀሳቀስ ይሆናል። በመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 መሪው ከቦታው ንቅንቅ አይልም ነበር። ወደ አሽከርካሪው መሳብና መግፋት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2018 በተሻሻለችው ሞዴል ነው። የተገኘው 3 ሣንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ ለረጅሙም ለአጭሯም የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ አይደለም።

ምክንያቱም አጭር አሽከርካሪ ፔዳሉን ለመድረስ ወንበሯን ወደ ፊት ስትስብ ደረቷ ወደ መሪው ይጠጋል። በመሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ ደግሞ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይፈነዳል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በደረትና በመሪው እምብርት መካከል ቢያንስ 25 ሣንቲ ሜትር እንዲኖር ይመክራል። እንግዲህ 3 ሣንቲ ሜትሩ በአንድ በኩል ተጨማሪ ገዢ፣ በሌላ በኩል የሰው ደረት ነው።

ክብደት ክብደትን ይጠራል

ደህንነት ሁሉ በመደመር አይገኝም። ለበሩ ብረት፣ ለወንበሩ ሞተር በተጨመረ ቁጥር መኪናው ይከብዳል፤ የከበደው መኪና ትልቅ ፍሬንና ትልቅ ሞተር ይፈልጋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ለገበያ ባቀረባት በ4ኛዋ ትውልድ የወንበሩን ስፕሪንግ በመረብ መሰል ፕላስቲክ የተካው ስለዚህ ነው። ወንበሩ ቀለለ፣ ተቀማጩም ዝቅ አለ። ዝቅ ማለቱ ደግሞ ለራስ ቦታ ይሰጣል።

የኋላ ወንበር አለመኖሩም የራሱ ጣጣ አለው። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር በሚሠራ ኤርባግ ፊት ማስቀመጥ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 የኋላ ወንበር በሌላቸው መኪናዎች የተሳፋሪው ኤርባግ በቁልፍ እንዲጠፋ ፈቅዷል።

ርካሽ ዕቃ ውድ ሲሆን

ከንድፉ ባልተናነሰ ዕቃ አቅራቢው ወሳኝ ነው። የጃፓኑ ታካታ ኩባንያ ኤርባጎቹን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ከዓመታት በኋላ እየተበላሸ፣ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ የሚወረውር ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ሞቱ፤ በርካታ የመኪና ኩባንያዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎችን ለጥገና ጠሩ፤ ታካታም እ.ኤ.አ. በ2017 የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ።

ሌላው የቁጠባ ፈተና ቁልፎችን አጥፍቶ ሁሉንም ነገር በአንድ ስክሪን ላይ መሰብሰብ ነው። ለፋብሪካው ይረክሳል፤ አሽከርካሪው ግን ስክሪኑን ሲፈልግ ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ ውስጥ ከ55 ሜትር በላይ ይጓዛል። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት መዛኝ ድርጅት፣ ዩሮ ኤንካፕ፣ ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻ፣ ጡሩምባና ዝናብ መጥረጊያ ያሉት የየራሳቸው ማንሻ ወይም ቁልፍ እንዲኖራቸው በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ አስገብቷል።

ለነጋዴው

ሂሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ስህተት በወረቀት ላይ ሲታረም ላጲስና ጥቂት ቀናት ይፈጃል። የዳሽቦርዱ ቅርጽ ማውጫ ከተሠራ በኋላ ሲታረም ግን ማውጫው እንደ አዲስ ይሠራል፤ መኪናው ከተሸጠ በኋላ ሲታረም ደግሞ ኩባንያ ያዘጋል። መኪና የሚገዛም ሆነ አስመጥቶ የሚሸጥ ሰው ሊያደርግ የሚችለው ፍተሻ አንድ ሣንቲም አያስወጣም። ጀርባን ከመደገፊያው ሳያላቅቁ ፍሪሲዮን ወይም ፍሬን እስከ መጨረሻ መርገጥ፣ እጅን ዘርግቶ አንጓን በመሪው አናት ላይ ማሳረፍ፣ ከደረት እስከ መሪው እምብርት ያለውን ርቀት በሜትር መለካት። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ መነጋገር ይቻላል።