አቀንጭራ፤ የማሽላችን ስውር ሌባ

በመርሳና በሐብሩ ለሚኖር ሰው የማሽላን ጥቅም መንገር አያስፈልግም። እሸቱና እንጀራው ለሰው፣ አገዳው ለከብት ነውና። እኔም የገበሬ ልጅ እንደ መሆኔ መጠን፣ በትምህርት ቤት የተማርሁትን በማሳችን ካየሁት ጋር አስተባብሬ፣ የዚህን እህል ጠላት አቀንጭራን በአጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ።

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ለዓይን ያማረ አረም ነው። ሌላው አረም ከሰብል ጋር በውኃና በምግብ ይሻማል፤ አቀንጭራ ግን ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይመጥጠዋል። ዝናብ ሳይጠፋ ማሽላው ድርቅ እንደ መታው የሚጠወልገው ስለዚህ ነው። አንዱ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቀ 50,000ና ከዚያም በላይ ዘር ሊበትን ይችላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ታዲያ የሚበቅልበትን ጊዜ በምን ያውቃል? የማሽላ ሥር፣ ይልቁንም መሬቱ ሲሳሳ፣ ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ አፈር ያመነጫል። ይህም ተክሉን የሚረዱትን ጥቃቅን ፈንገሶች የሚጠራበት ነው፤ ሌባውም ይህንኑ ጥሪ ተከትሎ ይበቅላል።

ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ይህን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዘሮችን አዳቅለው አስገኙ። በማሽላ ላይ ስለ ሠሩት ሥራም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በአገራችንም አብሽርና ጎብዬ የተባሉት ዘሮች ለገበሬ ተለቀዋል፤ የሁለተኛው ስም በወልድያና በቆቦ መካከል ካለችው ከተማ ስም ጋር አንድ ነው።

«መድኃኒት መርጨት አይበቃምን?» የሚል ይኖራል። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም በልኩና በጊዜው ቢረጭ፣ ብቅ ያለውን አቀንጭራ ይገድላል፤ ነገር ግን አረሙ ከመሬት በላይ ሲታይ ብዙው ጉዳት ተፈጽሟል። ስለዚህ መርጨትም ሆነ መንቀል ከዘንድሮው ይልቅ የሚጠቅመው ለከርሞ ነው።

ይህን ለአባቴ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ብነቅል ጎረቤቴ ካልነቀለ፣ ጎርፍና ነፋስ ዘሩን መልሶ ያመጣብኝ የለም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ማሳ ብቻውን አይድንም። እንግዲህ በኅብረት ልናደርገው የሚገባን ይህ ነው፤

1ኛ/ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር መዝራት፤
2ኛ/ መሬቱን በፍግና በማዳበሪያ ማጎልበት፤
3ኛ/ ማሽላን በሰሊጥ ወይም በጥጥ ማፈራረቅ፤ የእነዚህ ሥር የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል እንጂ አይመግበውም፤ ስለዚህ ይሞታል፤
4ኛ/ የወጣውን አበባው ወደ ዘር ሳይለወጥ በደቦ ነቅሎ ማቃጠል።

ተማሪዎች ሆይ፤ በክረምቱ ዕረፍታችን ጥቂት ቀን ለዚህ ሥራ ብንሰጥ የቤታችንን ጎተራ እንጠብቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ አቀንጭራም ዘሩን ሳይበትን ይነቀል።