አዳራሹ ኋላ ነው የመጣው

ዴራ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለች ሻይ ቤት። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጡ ሚኒባሶች ጡሩንባቸውን እየነፉ ያልፋሉ።

ወጣቱ፦ አባባ፣ የኪነት ቡድናችን ሊበተን ነው። አዳራሽ የለንማ! ያ ሁሉ የአዲስ አበባ ፒያሳ ቤት እንኳ ፈርሶ የለ?

አባባ፦ በ2016 ብዙ ቤት ፈርሷል፤ አንጀቴን በልቶኛል። ግን እዚያው ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በአዳራሽ ጀመረ ያለህ ማነው?

ወጣቱ፦ ቴአትር ቤት አይደለም እንዴ?

አባባ፦ ማኅበር ነበር። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ጦሩን ድንበር ላይ ሲያከማች እነ መኮንን ሀብተ ወልድ አቋቋሙት። ሕዝቡን ሰብስበው በንግግርና በዘፈን ወኔውን ይቀሰቅሱ ነበር። የጨነቃቸው አገር ነው፣ ቴአትር አይደለም።

ወጣቱ፦ ከዚያስ?

አባባ፦ ጠላት ገባ፣ ማኅበሩ ተበተነ። በ1933 ነፃነት ሲመለስ ብዙም ሳይቆዩ እንደገና አቋቋሙት። ፒያሳ ያገኙት ቤት ደግሞ የጣሊያኖች የምሽት ክለብ የነበረ! ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል። ጠላት በጨፈረበት ወለል ላይ ክራርና ማሲንቆ ወጣ።

ወጣቱ፦ ይሄ የአዲስ አበባ ወሬ ነው። ለዴራ ምን ይጠቅማል?

አባባ፦ አትቸኩል። የሀገር ፍቅር ከያንያን ወሊሶ፣ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሄደው ነበር። አንድ ተማሪ ከከያንያኑ አንዱን፣ ኢዮኤል ዮሐንስን፣ ጠጋ ብሎ መዝፈን እንደሚፈልግ ነገረው። ኋላ ልጁ ከቤት ጠፍቶ በእግሩ ቱሉ ቦሎ ደረሰ፤ ሊመልሱት ሲሉ ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ወጣቱ፦ ጥላሁን!

አባባ፦ አዳራሽ በእግሩ ወሊሶ አይሄድም። የሄዱት ሰዎች ናቸው።

ወጣቱ፦ ማኅበሩ ዛሬስ አለ?

አባባ፦ ቴአትር ቤቱ አለ፤ በከተማው አስተዳደር ሥር ነው። ደመወዝ መኖሩ ደግ ነው፣ አልነቅፍም። ግን «የኔ ነው» ብሎ መዋጮ የሚያወጣ አባል የነበረው ቤት ሌላ ነው። ፒያሳ ሕንፃ አታጣም፤ እኔን የሚያሰጋኝ እንዲህ ያለ አባል መጥፋቱ ነው።

ወጣቱ፦ እኛ እኮ ገንዘብም የለን።

አባባ፦ ስንት ናችሁ?

ወጣቱ፦ ዘጠኝ።

አባባ፦ ነገ ማታ እኔ ግቢ አምጣቸው። አግዳሚ ወንበር ሦስት አለኝ፤ የጎደለውን ከጎረቤት እንለምናለን።