በማዕረግ መመረቅ እና የማዕረግ ፕሮግራም

ማዕረግ በምን ይገኛል?

በምረቃ ሰሞን በሐዋሳ ፒያሳ ጋውን የለበሱ ወጣቶች ከቤተሰባቸው ጋር ፎቶ ሲነሡ ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል «በማዕረግ ተመረቀ» የሚባለው ተማሪ ከሌላው የሚለየው በአጠቃላይ አማካይ ውጤቱ ነው። ውጤቱ ከ4 ይሰላል፤ በተለመደው አሠራር 3.25 ማዕረግ፣ 3.50 ከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ያሰጣል።

ይህ ማዕረግ የሚሰጠው ትምህርቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ባለማዕረጉና አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ የወሰዱት ኮርስም ሆነ የተፈተኑት ፈተና አንድ ነው።

የማዕረግ ፕሮግራም በምን ይለያል?

የማዕረግ ፕሮግራም (ኦነርስ) ትጉህ ተማሪዎችን አስቀድሞ መርጦ የተለየ ሥራ ይሰጣቸዋል። በአሜሪካ የታወቀው ምሳሌ ኩዌከሮች (ጦርነትን የሚቃወሙ የክርስቲያን ማኅበር አባላት) የመሠረቱት ስዋርትሞር ኮሌጅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ፍራንክ ኤይድሎት በኦክስፎርድ ከተማሩበት ሥርዓት በመነሣት ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1922 አስጀመሩ።

ትምህርቱ በሴሚናር (ጥቂት ተማሪዎች ጽሑፍ አቅርበው በሚከራከሩበት ጉባኤ) ይካሄዳል። በመጨረሻም ተማሪዎቹን ከሌላ ተቋም የመጡ መምህራን ይፈትኗቸዋል። በዚህ ምክንያት የራሳቸው መምህር ፈራጅ መሆኑ ይቀርና ለፈተናው የሚያዘጋጃቸው አጋዥ ይሆናል።

በክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ክፍሉ ምን ይመስላል?

በካሊፎርኒያ የሚገኘው ክርስቲያናዊው ባዮላ ዩኒቨርሲቲ ቶሪ የተባለውን የማዕረግ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 ጀመረ። በዚህ ፕሮግራም ተማሪዎች ስለ መጻሕፍቱ የተጻፈ ማጠቃለያ ሳይሆን መጻሕፍቱን ራሳቸውን አንብበው ይወያያሉ። መምህሩም ሌክቸር (ገለጻ) ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ያነሣል።

ለምሳሌ የቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ሲነበብ «ያልራበው ልጅ የጎረቤት ፍሬ ለምን ሰረቀ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልስ የሚሰጥ ተማሪ ሐሳቡ በመጽሐፉ ውስጥ የት ቦታ እንደሚደገፍ ማሳየት አለበት። እምነቱን የወረሰ ተማሪ የእምነቱን ምክንያት ማስረዳትን የሚለምደው በዚህ መንገድ ነው።

አሠራሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው?

የአብነት ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ሥርዓት አለው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ድጓ የተማረ ደግሞ ጋይንት ወደሚገኘው ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ እዚህም አስተማሪውና መስካሪው የተለያዩ ናቸው።

አሠራሩ እንግዳ ባይሆንም በዩኒቨርሲቲ የማዕረግ ፕሮግራሙን የሚያከብደው የመምህሩ ጊዜ ነው። አንድ መምህር በአዳራሽ ለመቶ ተማሪ ገለጻ መስጠት ይችላል፤ የመቶውን ጽሑፍ በየሳምንቱ አንብቦ ማረም ግን አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪዎችን ነው፤ በምርጫውም ከውጤት ጋር የማንበብ ትጋት ይታያል።