«ሃይማኖት አይመረመርም» የተባለው እውነት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ነገር በጥናት ጊዜያችን ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ ነው። ይኸውም ክርስትና ጠያቂን ዝም የሚያሰኝ ሃይማኖት ነውን? የሚል ነው። ጥያቄው ለክርክር ያህል የተነሣ አይደለም። ከመካከላችን ሁለት ሦስት ወንድሞች ከቀለም ትምህርት ቤት ያመጡትን ጥያቄ አቅርበው «ሃይማኖት አይመረመርም፤ ዝም ብለህ እመን» የሚል መልስ ብቻ ስላገኙ ከጉባኤ ቀርተዋል። የቀሩት ሃይማኖትን ጠልተው ነው ብለን አናምንም። መልስ ፈልገው ያጡ ናቸው።

በእርግጥ «አይመረመርም» የሚለው ቃል አባቶቻችን የተናገሩበት ቦታ አለው። የእግዚአብሔር ባሕርይ በፍጡር አእምሮ ተመርምሮ አይደረስበትም ለማለት ነው፤ ይህም ትክክለኛ ትምህርት ነው። ነገር ግን ቃሉ ከቦታው ወጥቶ የማንኛውም ጥያቄ መዝጊያ ሲሆን ሌላ ነገር ይሆናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ እኮ ስለ ተስፋችን የሚጠይቀን ቢመጣ መልስ ይዘን እንድንጠብቅ አዝዟል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። መልስ የሚዘጋጀው ደግሞ ጥያቄ ሲፈቀድ ነው።

ክሱም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ178 ገደማ ኬልሶስ የሚባል የግሪክን ፍልስፍና የተማረ አሕዛባዊ «እውነተኛ ቃል» የሚል መጽሐፍ በክርስቲያኖች ላይ ጻፈ። ስሙን ልብ በሉት፤ ክርክሩ በቀጥታ ስለ እውነት ነበር። ኬልሶስ ከከሰሳቸው ነገሮች አንዱ ክርስቲያኖች ማስረጃ ሲጠየቁ «አትመርምር፤ እመን ብቻ» ይላሉ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ የሚያስተምሩት ሰዎች ማንነት ነው። የሱፍ ሠራተኞች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች በየቤቱ ገብተው ሕፃናትንና ሴቶችን ይሰብካሉ፤ የተማረ ሰው ሲመጣ ግን ይሸሻሉ ብሎ ተሳለቀ። በእኛም አገር ሸማኔውና ቀጥቃጩ በእጁ ሥራ ሲናቅ ስለ ኖረ የዚህ ነቀፋ ቃና ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ለዚህ መጽሐፍ የተሟላ መልስ የተጻፈው ከ70 ዓመት በኋላ በ248 ገደማ ነው። ጸሐፊው በእስክንድርያ ትምህርት ቤት ያስተማረው ኦሪገን ነው፤ በመጻሕፍታችን አርጌንስ ይባላል። አርጌንስ በሌሎች ትምህርቶቹ ስለ ተሳሳተ ኋላ ተወግዟል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከአበው ጋር አትቆጥረውም። ይህን ሳንደብቅ፣ ለኬልሶስ የሰጠው መልስ ግን ሊጠና የሚገባው ነው እንላለን። አባቱ ሌዎንዲስ በ202 ገደማ በሰማዕትነት ያለፈ፣ እርሱም በእርጅናው በዳኬዎስ ዘመን በእስር ቤት የተሠቃየ ሰው ነበር። ስለ እምነት የሚጽፈው በሩቅ ሆኖ አልነበረም።

በመልሱ ውስጥ እኛን በጣም የገረመን አጻጻፉ ነው። አርጌንስ የኬልሶስን ነቀፋ በአጭሩ አጣጥሎ አላለፈውም። የከሳሹን ቃል በተራ በተራ እየገለበጠ፣ ከሥሩ መልሱን እየጻፈ ስምንት መጽሐፍ ሞላ። ከዚህ የተነሣ የኬልሶስ መጽሐፍ ራሱ ጠፍቶ ሳለ አብዛኛው ቃሉ ዛሬ የሚገኘው በክርስቲያኑ መልስ ውስጥ ነው። የጠላትን ክስ ለትውልድ ያቆየው መልስ ሰጪው ሆነ! ጥያቄን የሚፈራ ሰው እንዲህ አያደርግም።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ቄርሎስም እንዲሁ አድርጓል። ከሃዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ በፈረስ ላይ ሆኖ በጦር ሲወጋው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎ አይተነዋል። ንጉሡ በ363 ሞተ፤ በክርስቲያኖች ላይ የጻፈው መጽሐፍ ግን አልሞተም ነበር። ቄርሎስ ከ60 ዓመት በላይ ዘግይቶ ብዕር አንሥቶ የዑልያኖስን ቃል እየጠቀሰ መለሰለት። ጦር ንጉሡን እንጂ ጥያቄውን አልወጋውምና።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። «እመን ብቻ ትላላችሁ» ለሚለው ክስ አርጌንስ የሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው፣ ሰው ሁሉ ሥራውንና እርሻውን ትቶ ፍልስፍና ሲመረምር ሊኖር አይችልም፤ ታዲያ ጊዜ የሌለው ድሀ እውነትን ሳያገኝ ይሙት? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማመን የክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የሰው ሁሉ የኑሮ መጀመሪያ ነው የሚል ነው። መርከበኛ ባሕር የሚገባው፣ ሰው የሚያገባው፣ ገበሬ ዘሩን መሬት ላይ የሚበትነው መልካም ይሆናል ብሎ አምኖ ነው። የፈላስፋው ደቀ መዝሙርም ቢሆን መምህሩን የመረጠው ሁሉን አስተማሪ መርምሮ ሳይሆን በአንዱ ታምኖ ነው።

ይህን መልስ ለመረዳት ከፎገራ ሜዳ የተሻለ ቦታ የለም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲተኛበት እናውቃለን። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሩዝ ወደዚህ አገር ሲገባ በዚህ ሜዳ ላይ የሩዝን ፍሬ ያየ ገበሬ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ዘሪዎች የዘሩት በነገራቸው ሰው ታምነው ነው። ኋላ ግን አዝመራው ራሱ መሰከረ፤ ዛሬ የወረታ ገበያ በሩዝ ይታወቃል። እንግዲህ እምነት ከምርመራ ጋር ጠላት አይደለም። እምነት ዘሩን ይዘራል፤ ምርመራም በመከር ጊዜ ይመጣል። ያልዘራ ግን የሚመረምረው ነገር የለውም።

ኬልሶስ ደግሞ ክርስቲያኖች የሚሉትን መልካም ነገር ሁሉ አፍላጦን ቀድሞ በተሻለ አነጋገር ብሎታል አለ። አርጌንስ ለዚህ ያመጣው ምሳሌ የወጥ ቤት ምሳሌ ነው። አንድ ዓይነት ጤናማ ምግብ አለ እንበል፤ አንዱ ወጥ ሠሪ ለባለጸጎች ብቻ በሚጥም ቅመም ያሰናዳዋል፤ ሌላው ያንኑ ምግብ ገበሬውም ድሀውም ሊበላው በሚችል መንገድ ይሠራዋል። ለብዙ ሰው የሚጠቅመው የትኛው ነው? ለጥቂቶች ተጠንቅቆ የተሠራውን ባንንቅም፣ ሕዝብን ያጠገበው ይበልጣል። ነቢያትና ሐዋርያት በተራ ቃል የተናገሩት ለዚህ ነው አለ።

ከአርጌንስ 100 ዓመት ያህል ቀድሞ ስለ እውነት የተከራከረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ነው። የተወለደው ጌታ ሳምራዊቷን ሴት ካነጋገረበት ከያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ባለችው በዛሬይቱ ናብሉስ ነው። እውነትን ፍለጋ ከአንዱ ፈላስፋ ወደ ሌላው ዞሯል። ከኢስጦኢኮቹ መምህር ዘንድ ስለ እግዚአብሔር ምንም ሳይማር ወጣ፤ የአርስጣጣሊስ ተከታይ የሆነው ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ክፍያ ጠየቀው፤ የፒታጎራስ ተከታይ አስቀድመህ ዜማ፣ ሥነ ፈለክና ጂኦሜትሪ ካልተማርህ አልቀበልህም አለው። (የፊደል ቤቱን ሳይጨርስ ወደ መጽሐፍ ቤት ልግባ የሚል ተማሪ ይህን ያስታውሷል።) በአፍላጦን ትምህርት ደስ ብሎት ሳለ በባሕር ዳርቻ አንድ ሽማግሌ አገኘውና ነቢያትን አመለከተው። ከዚያ በኋላም ዮስጢኖስ የፈላስፎችን ካባ አላወለቀም፤ ፍልስፍናን ትቶ ሳይሆን እውነተኛውን አግኝቶ እንደ መጣ ይናገር ነበር።

በ155 ገደማ ለንጉሠ ነገሥቱ ለእንጦንዮስ ጲዮስ በጻፈው መልስ፣ ቃለ እግዚአብሔር በሰው ልጆች ሁሉ ዘርን ዘርቷል፤ ሶቅራጥስም ሆነ ሄራክሊጦስ እውነትን የተናገሩት ከዚያ ዘር ነው ብሎ አስተማረ። ስለዚህ ክርስቲያን በአሕዛብ መጽሐፍ ውስጥ እውነት ቢያገኝ ሊደነግጥ አይገባውም፤ የአባቱን ገንዘብ ነው ያገኘው።

በዚያው ጽሑፍ ሌላ፣ ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ጠንካራ የመሰለን ክርክር አለ። ክርስቲያኖች በዳኛ ፊት ሲቆሙ «ክርስቲያን ነህን?» ተብለው ይጠየቃሉ። «አይደለሁም» ያለ ይለቀቃል፤ «ነኝ» ያለ ይሞታል። በአንዲት የውሸት ቃል መዳን ሲቻል ዋሽተን መኖርን አንፈልግም ብለዋል። እውነትን እንወዳለን የምትሉ ፈላስፎች ይህን መርምሩ ነው የሚለው። ዮስጢኖስ ራሱ በ165 ገደማ በሮም ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር ለፍርድ ቀረበ። የፈረደበት ሩስቲኮስ ተራ ዳኛ ሳይሆን ራሱ ኢስጦኢክ ፈላስፋ፣ የንጉሥ ማርቆስ አውሬልዮስ መምህር ነበር።

እዚህ ላይ በጥናታችን አንዲት እኅት «ሰው ለስሕተትም ይሞታል፤ መሞት እውነትን ያስረዳልን?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሞት የሚያስረዳው የሞተው ሰው እንዳልዋሸ ነው። አርጌንስም ክርክሩን የወሰደው እስከዚያው ድረስ ነው፤ ሐዋርያት ትንሣኤውን ራሳቸው ፈጥረውት ቢሆን ኖሮ ለፈጠሩት ነገር እንዲያ ባልሞቱ ነበር ይላል። ማለት ኋላ በስብከት ካመነው ሰው ይልቅ አየን ያሉት ሰዎች ሞት ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር መስሎ እንዳይታይ ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራዝ ይገኛል። «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ» የሚባለው የግዕዝ መጽሐፍ ባለታሪክ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ ከኖረ በኋላ የተቀመጠው በዚሁ በእንፍራዝ ነው ይላል፤ ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ መጽሐፍ እየጻፈና ልጆቹን እያስተማረ ኖረ። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ፈረንጆቹ ሃይማኖታችን ቀና ነው ይላሉ፤ ግብጾቹም እንዲሁ ይላሉ፤ ሁሉም የራሱን ካመሰገነ ማን ይፈርዳል? እርሱ ፈራጁ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው የልቡና ብርሃን ነው ብሎ ደመደመ፤ ጾምንና ምንኩስናን ጭምር ነቀፈ።

አንዳንዶች ለዚህ መጽሐፍ ያላቸው መልስ «የፈረንጅ ፈጠራ ነው» የሚል ነው። ነገሩ መሠረት የለውም አንልም። መጽሐፉን በ1850ዎቹ ወደ ፈረንሳይ የላከው በበጌምድር ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካቶሊክ መነኩሴ ነው፤ በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ሊቅ የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ተከራከረ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በሰፊው ጻፉ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ለእኛ ግን ይህ መልስ መልስ አይደለም። እንፍራዛዊ ጻፈው፣ ኡርቢኖ ጻፈው፣ «ማን ይፈርዳል?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ቆሟል። አርጌንስ ኬልሶስ ማን እንደሆነ በእርግጥ አያውቅም ነበር፤ ቃሉን ግን መለሰ።

የሚገርመው ኬልሶስም ይህንኑ ማንሣቱ ነው። ክርስቲያኖች ጥቂት ሳሉ አንድ ነበሩ፤ ሲበዙ ተከፋፈሉ፤ እርስ በርስ ይወጋገዛሉ አለ። አርጌንስም ሲመልስ፣ መለያየት የሚነሣው ለሰው ሕይወት በሚጠቅም ነገር ሁሉ ዙሪያ ነው አለ። ሐኪሞች በሕክምና ዘዴ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ሕክምና ውሸት ነው ብሎ ከሐኪም የሚሸሽ ሕመምተኛ የለም። መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን እስከ መንገዱ እኩሌታ ያደርሰናል። መለያየት የሐሰት ማስረጃ አለመሆኑን ያሳያል፤ ከተለያዩት የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አይነግረንም። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብሎ በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት በአዋጅ እስኪመልስ ድረስ በዚህ አገር ብዙ ደም ፈሷል። ያን ያየ ሰው «ማን ይፈርዳል?» ቢል አይፈረድበትም።

ደግሞም «ሐተታ» የሚለው ቃል የፈላስፋ ብቻ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህሮቻችን ንባቡን «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ከፈቱ በኋላ ነገሩን አስፍተው የሚያብራሩበት ክፍል ስሙ ሐተታ ነው። በጎንደር የትርጓሜ ቤት ተማሪ መምህሩን ሲጠይቅ ደፈረ አይባልም፤ ካልጠየቀ እንዴት ይማራል?

በሚመጣው የጥናት ጊዜ የጥያቄውን ሁለተኛ እኩሌታ እንቀጥላለን፤ ይኸውም ልቡና ብቻውን ፈራጅ መሆን ይችላልን? የሚለው ነው። የምናነበው ሐዋርያው ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ከፈላስፎች ጋር የተነጋገረበትን ምዕራፍ (ሐዋ. 17) ነው። ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥናት ክፍሉ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም። ከጉባኤ ለቀሩት ወንድሞቻችንም የየሰፈራቸው ልጆች ይህን ወረቀት አድርሱላቸው።