የሰውነት ቅኝት ለወታደራዊ የደንብ ልብስ ልኬት፦ የናሙና ጥያቄ ከካኮ አንጻር

ባለ ሦስት አውታር የሰውነት ቅኝት የአንድን ምልምል ወታደር የሰውነት ገጽ በሴኮንዶች ውስጥ ይመዘግባል። ሆኖም ብርሃን በሚገባ የማይደርስባቸው ብብትና የጭኖች መገናኛ በምስሉ ላይ ስለሚጎድሉ የሱሪ የውስጥ እግር ርዝመት ሊዛባ ይችላል። ኢሶ 20685 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በቅኝትና በእጅ ልኬት መካከል የሚፈቅደው አማካይ ልዩነት ለከፍታ ልኬቶች 4፣ ለትልልቅ የዙሪያ ልኬቶች 9 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባካሄደው ጥናት ከቅኝቱ ጎን ለጎን በ4,082 ወንዶችና በ1,986 ሴቶች ላይ 93 ልኬቶችን በእጅ ወስዷል።

የመሣሪያው ትክክለኛነት ግን የናሙናን ጉድለት አያካክስም። በጂንካ አካባቢ በሚገኘው የካኮ ገበያ የአሪ አርሶ አደሮችና የበና አርብቶ አደሮች ይገናኛሉ። በአመጋገብ፣ በሥራና በአየር ጠባይ የሚለያዩ ማኅበረሰቦች የእግርና የግንድ ምጥጥናቸው አንድ ነው ተብሎ አስቀድሞ ሊገመት አይገባም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ምልምሎች ተቀምጠው ሲለኩ ሊበላለጡ ይችላሉ፤ ቁመትን ብቻ የተከተለ የመጠን ሰንጠረዥ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሱሪ ሲያድል ለአንዱ ያጥረዋል፣ ለሌላው ይረዝምበታል። በረጅም የእግር ጉዞ ላይ ልክ ያልሆነ ልብስ ቆዳን ይልጣል፣ እንቅስቃሴንም ያውካል።

ስለሆነም ናሙናው በደጋና በቆላ እንዲሁም በጾታ ተመድቦ ሊመረጥ፣ የመቀመጫ ቁመትና የውስጥ እግር ርዝመትም በእጅ ተለክተው ከቅኝቱ ጋር ሊመሳከሩ ይገባል። ይህ ማለት ግን ልብስ በብሔር ይመደብ ማለት አይደለም፤ ብዝኃነቱ በናሙናው ውስጥ ከተካተተ በኋላ እያንዳንዱ ምልምል ልብሱን የሚቀበለው በራሱ ልኬት ነው።