የቤተልሔም በረት ከጭቃና ከአገዳ

ልጆች! ባለፈው ስለ ነቢያት ጾም ተምረናል። ዛሬ ደግሞ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የተወለደበትን በረት በእጃችን እንሠራለን።

የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ቀን ይውላል። በዚያ ወቅት በቆቦ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ደርቋል። ስለዚህ የምንገዛው ነገር የለም።

ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጡ። ጠጠሩን ልቀሙ፤ ደቀቅ ያለ ጭድ ጨምራችሁ በደንብ እሹት። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሬ ስትሠሩ የራያን በሬ አስቡ፤ ቀንዱ ረጅም ነው አይደል? የሚያስቸግረውም እርሱ ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። ጭቃው ሳይደርቅ በቀንዱ ፈንታ ሁለት እሾህ ሰኩበት። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ አኑሩት። አህያ፣ በጎችና እረኞችም ሥሩ። ለሰብአ ሰገል ግመል ያስፈልጋል፤ ግመል ምን እንደሚመስል ለቆቦ ልጅ አይነገርም!

እመቤታችንንና ጌታችንን ግን በጭቃ አንሠራም። በቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳት ሥዕላት የሚሣሉት በቀለም ነው። ስለዚህ በረቱ መካከል፣ ከእንስሳቱ ከፍ አድርገን የልደቱን ሥዕል እናቆማለን። የጭቃዎቹ እንስሳት ለትምህርት ናቸው፤ የምንሳለመው ሥዕሉን ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ከአገዳ አይሱዙ ሠርቶ መጣ። ጎማው ቆርኪ ነበር። «መምህር፣ የት ላቁመው?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁበት። እኔም፣ «እረኞቹ እኮ በእግራቸው ነው የሄዱት፤ መኪናውን ወደ ቤትህ ውሰደው» አልሁት። ልጁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አያቴ ለልደት ላሊበላ የሚሄዱት በመኪና ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነበርሁ። በላሊበላ ከአለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ቤተ ልሔም የሚባል አለ፤ ወንዙም ዮርዳኖስ ይባላል። በዚያ ታኅሣሥ 29 የንጉሥ ላሊበላም ልደት ስለሆነ ካህናቱ «ቤዛ ኵሉ» እያሉ ያሸበሽባሉ፤ ምእመናንም ከየአገሩ ይመጣሉ። ስለዚህ ከበረቱ ራቅ አድርገን በአሸዋ መንገድ ሠራን፤ ከቆቦ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ ላሊበላ። አይሱዙዋም በጭቃ ምእመናን ተሞልታ ወልድያ ላይ ቆመች።

ጥያቄ
1. ጭቃው ላይ ጭድ የምንጨምረው ለምንድን ነው?
2. ሰብአ ሰገል ያመጧቸው ሦስት ስጦታዎች ምን ምን ናቸው?
3. ከቤታችሁ ለልደት ላሊበላ የሄደ ሰው ካለ፣ በምን እንደሄደ ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው እሑድ ሠርታችሁ አምጡ።